ከማርሹ በፊት ፍሬኑን ጠይቁ

ዛሬ ስለ ሳይክሌ አስተያየቴን ልሰጣችሁ ነው።

አባዬ ያገለገለ ማውንቴን ሳይክል ገዛልኝ። ቀለሙ ተልጧል፣ ኮርቻው በፕላስተር ተጠቅልሏል። አንዳንድ ልጆች «የማን ቅራቅንቦ ነው?» ብለው ሳቁብኝ። እኔ ግን «21 ማርሽ አለው እኮ! ከፊት 3፣ ከኋላ 7፣ ሲባዛ 21!» እያልኩ ጉራዬን ነዛሁ።

ባሕር ዳር ሜዳ ስለሆነች ማርሽ የሚታወቀው ዳገት ላይ ነው። ቅዳሜ ወደ ቤዛዊት ሄድኩ። ከፊት ትንሹን፣ ከኋላ ትልቁን ሳደርገው ፔዳሉ ቀለለኝና ዳገቱን ሳልወርድ ጨረስኩት። ደስ ሲል!

ስመለስ ግን ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ብይዝ እምቢ አለኝ። ለካ የፍሬኑ ጎማ አልቋል! ፊት ለፊቴ እንጨት የተሸከሙ እናት አሉ። «እማማ፣ ዞር ይበሉ!» ብዬ ጮህኩና ሳይክሉን ወደ ቦዩ መራሁት። ጉልበቴ ተላጠ፣ እሳቸው ግን ምንም አልሆኑም። ይቆጡኛል ስል «ተረፍክ ልጄ?» አሉኝ። በጣም አፈርኩ።

እንደኔ አስተያየት አሮጌ ሳይክል መንዳት አያሳፍርም። የሚያሳፍረው ፍሬኑን ሳያዩ መንዳት ነው። በሳይክል የምንመጣ ልጆች ሰኞ ሰኞ ከሰልፍ በፊት ፍሬናችንን እርስ በርስ ብንፈትሽ ምን ይመስላችኋል? መምህሮቻችንም ያግዙን።

ሳይክል ስትገዙ «ስንት ማርሽ አለው?» ከማለታችሁ በፊት «ይቆማል ወይ?» በሉ።