በነፋስ የሚሄድ ሰው የት እንዳለ እንዴት ያውቃል?



ሰሞኑን ቢቸና አጠገብ ቁጥር ስናስተምር አንድ አባት «ልጆቼ፣ ቁጥር ለገበያ ይጠቅማል። መንገድ ለሚሄድ ሰው ግን ምን ያደርግለታል?» ብለው ጠየቁን። መልሱን በባሉን እናስረዳለን።

ባሉን ማለት ከጨርቅ የተሰፋ ትልቅ ከረጢት ነው። በውስጡ ያለው አየር በእሳት ሲሞቅ ይቀላል። ያን ጊዜ ከረጢቱ ሰው የተሳፈረበትን ቅርጫት አንጠልጥሎ ይነሣል። በኅዳር ወር 1776 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር ሁለት ሰዎች በዚህ ዓይነት ባሉን በፓሪስ ላይ በረሩ።

ባሉን ነፋስ ወደ ወሰደው ይሄዳል። ነገር ግን ነፋስ በየከፍታው ይለያያል። የጎጆው ጭስ ወደ ሞጣ ሲያዘነብል፣ ደመናው ወደ ቢቸና ሲሄድ አላያችሁም? ስለዚህ ነጂው እሳቱን ሲጨምር ከፍ፣ ሲቀንስ ዝቅ እያለ የሚስማማውን ነፋስ ይፈልጋል። በአውድማ ላይ እህል የሚያዘራ ገበሬም ነፋስን ይጠብቃል እንጂ አያዘውም።

ችግሩ ምን ነበር? ነጂው ወንዙንና ተራራውን እያየ ከካርታው ጋር ያስተያይ ነበር። ደመና ከሸፈነው ወይም ባሕር ላይ ከሆነ ግን ምልክቱ ይጠፋበታል።

ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ አሜሪካኖች ቦታ የሚያሳውቁ ሳተላይቶችን ወደ ሰማይ ላኩ። ሳተላይቶቹ ከምድር 20,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው እየዞሩ በራዲዮ ምልክት ይልካሉ። በእጅ የሚያዝ መቀበያ ከአራት ሳተላይቶች ምልክት ተቀብሎ ያለንበትን ቦታ በቁጥር ያወጣል። ቁጥሩ ዲግሪ ይባላል። ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን በሄድን መጠን ዲግሪው ይጨምራል። ቢቸና 10 ተኩል ግድም ናት፤ ሞጣ 11 ናት።

የካቲት 22 ቀን 1991 ዓ.ም. በርትራንድ ፒካርና ብራያን ጆንስ በባሉን ዓለምን ሊዞሩ ከስዊዘርላንድ ተነሡ። ባሉናቸው ከሞቀ አየር ሌላ ሂልየም የሚባል ቀላል ጋዝ ነበረው። ቻይና በሰማይዋ እንዲያልፉ ፈቀደች፤ ግን ከ26ኛው ዲግሪ ወደ ሰሜን እንዳያልፉ ከለከለች። በሰማይ የወሰን ድንጋይ የለም። ወሰኑ ቁጥር ብቻ ነው። ሁለቱ ሰዎች ቁጥሩን ያነባሉ፤ ጄኔቭ የተቀመጡ የአየር ጠባይ አዋቂዎች ደግሞ የትኛው ከፍታ እንደሚሻል ይነግሯቸዋል። እንዲህ እያሉ ወሰኑን ሳይጥሱ ቻይናን ተሻገሩ። መጋቢት 12 ቀን ዓባያችን በሚወርድባት በግብፅ ምድር በሰላም አረፉ። ያለ ማቋረጥ በባሉን ዓለምን ለመዞር የመጀመሪያዎቹ ሆኑ።

እንግዲህ ሳተላይት ነፋሱን አላዘዘም። የት እንዳሉና ነፋሱ ወዴት እንደሚወስዳቸው ነገራቸው እንጂ። ከፍ ማለትንም ዝቅ ማለትንም የመረጡ ሰዎቹ ናቸው። ዛሬ ብዙ የእጅ ስልኮች ይህ መቀበያ አላቸው። ቁጥር የማያነብ ሰው ግን መሣሪያውን በእጁ ይዞ መንገድ ይጠፋዋል። ለእኒያ አባት መልሳችን ይህ ነው።

የሳምንቱ ጥያቄ፦ ስልካችን 11 ካሳየን የቀረብነው ለሞጣ ነው ወይስ ለቢቸና? መልሱን በደብተራችሁ ጽፋችሁ አምጡ። አብረን እናርማለን።