የሠራተኛው ትምህርት ከሠራተኛው ጋር ይዛወር

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ክቡር ሆይ፣

ስለ ኮሌጅ ትምህርት ዝውውር ያለኝን አሳብ በዚህ ዓምድ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

የመንግሥት ሠራተኛ ሥራው በሚጠይቀው መጠን ከአንዱ ሥፍራ ወደ ሌላው እንደሚዛወር የታወቀ ነው። በሚዛወርበትም ጊዜ ደመወዙና የአገልግሎት ዘመኑ በአንድ ደብዳቤ ተከትለውት ይሄዳሉ። ወደ ኋላ የሚቀርበት ነገር ቢኖር በክረምትና በቅዳሜና እሑድ እየተማረ ያጠራቀመው ትምህርት ነው።

እኔ በማስተምርበት በቢታ ገነት፣ ከደመወዙ ቆጥቦ ክረምት በመጣ ቁጥር ለትምህርት የሚሄድ ሠራተኛ ጥቂት አይደለም። ቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ የነበረ አንድ መምህር ሦስት ክረምት ከተማረ በኋላ ወደ ሌላ ዞን ተዛወረ። ትምህርቱን በዚያው ለመቀጠል ቢጠይቅ፣ ካለፋቸው ኮርሶች አብዛኞቹን እንደ ገና እንዲማር ተነገረው። ምክንያቱም የኮርሱ ስምና የሰዓቱ ቁጥር ጥቂት ይለያያል የሚል ነበር። ልጆች የሚያሳድግ ሰው ስለ ሆነ ትምህርቱን ተወው። በዚህም እርሱ ብቻ ሳይሆን ተማሪዎቹም ተጎዱ።

ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች በየዩኒቨርሲቲው የጋራ ኮርሶች ይማራሉ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የትም ይማር የት ለሙያው የተዘጋጀውን አንድ የመውጫ ፈተና ይፈተናል። መጨረሻው በአንድ ሚዛን የሚመዘን ከሆነ፣ መንገዱ በልዩ ልዩ ሚዛን የሚመዘነው ስለ ምንድን ነው? በቢታ ገነት ገበያ አንድ ኪሎ የሆነ ቡና ቦንጋ ሲደርስ ግማሽ ኪሎ ነው ቢባል ነጋዴው ዝም ይላልን?

በአውሮጳ እ.ኤ.አ. በ1989 በተጀመረው መለኪያ የአንድ ዓመት ሙሉ ትምህርት 60 ነጥብ ተብሎ ስለሚቆጠር፣ ተማሪው ትምህርቱን ይዞ ከአገር ወደ አገር ይሻገራል። የእኛም ዩኒቨርሲቲዎች በሞጁል ሥርዓት ጊዜ ይህንኑ መለኪያ ወስደው ነበር፤ መቁጠሩን ለመድን፣ ማሻገሩን ግን ገና አልለመድንም።

በርግጥ ዩኒቨርሲቲዎች የሐሰት ማስረጃ እንዳይገባባቸው መጠንቀቃቸው ተገቢ ነው። ነገር ግን ማስረጃው ከሬጅስትራር ወደ ሬጅስትራር በቀጥታ ቢላክ ማታለሉ ይቀንሳል፤ ብቃቱም በመውጫው ፈተና ይታያል።

ስለዚህ የሚመለከተው ክፍል ሦስት ነገር እንዲያስብበት አሳስባለሁ። አንደኛ፣ እኩል የሚቆጠሩት ኮርሶች በአንድ ዝርዝር ታትመው ይታወቁ። ሁለተኛ፣ ተማሪው ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት የትኛው ኮርስ እንደ ተያዘለት፣ የትኛው እንዳልተያዘለትና ምክንያቱ በጽሑፍ ይነገረው። ሦስተኛ፣ በሥራ ዝውውር ምክንያት ለሚመጣ ሠራተኛ የተወሰነ የመልስ ጊዜ ይደንገግለት።

ሠራተኛውን ለሥራ የሚያዛውረው መንግሥት ነው፤ ዩኒቨርሲቲዎቹም የመንግሥት ናቸው። አንዱ እጅ የሰጠውን ሌላው እጅ ቢቀበል ለሁሉም ይበጃል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር
ከቢታ ገነት፣ ካፋ ዞን