ድመት በእንቅልፏ ስትንዘፈዘፍ

ድመት ከምድጃው አጠገብ ተጠቅልላ፥ አንዳንድ ጊዜም ከልጆች መኝታ ገብታ የምትተኛ ስለ ኾነች፥ በእንቅልፏ የሚያገኛትን ኹሉ የቤቱ ሰው ያየዋል፤ ያየውንም እንደየዐሳቡ ይተረጕመዋል። በዛሬው ገጻችን የምንመለከተው፥ ተኝታ ሳለች ሰውነቷ የሚንዘፈዘፍባትን፥ ሽንቷም የሚያመልጣትን ድመት ነገር ነው።

አንዳንዱ ሰው ይህን ሲያይ ሕልም አየች ብሎ ይሥቃል። ሌላው ደግሞ ጋኔን ተጠጋት ብሎ በጆንያ ከትቶ ከወንዝ ማዶ ይጥላታል። ኹለቱም ሳይመረምሩ የሚፈርዱ ናቸው።

ነገሩ በወረታና በፎገራ ሜዳ ከሌላው አገር ይልቅ ይከብዳል። ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ ርብና ጉማራ የሚያጠጡት ይህ ሜዳ ከጥንት በከብቱ የታወቀ ነው፤ ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ግን ሩዝ ተስፋፍቶበት፥ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል እንኳ የተቋቋመው በዚያው ነው። እህል በተከማቸበት አይጥ አይጠፋም፤ ስለዚህ በዚያ አገር ድመት የምትያዘው ለጌጥ ሳይኾን ለሥራ ነው። ነገር ግን ለአይጥ ድመት ብቻ አይበቃም ብሎ መርዝ የሚጨምር ብዙ ነው።

ስለ ሕልም የሚባለው መሠረት የሌለው አይደለም። ሚሼል ዡቬ የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ በሊዮን ከተማ ድመቶችን መርምሮ፥ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1959 ዓ.ም. እንደ ገለጠው፥ በእንቅልፍ መካከል አንጐል እንደ ነቃ ኾኖ የሚሠራበት፥ የሰውነት ጡንቻ ግን ፈጽሞ የሚላላበት ጊዜ አለ። በዚያ ጊዜ ጢሟ ቢነቃነቅ፥ መዳፏ ብርግግ ቢል፥ የጅራቷ ጫፍ ቢወራጭ ጤና ነው። በለሆሳስ ቢጠሯት ትነቃለች፤ ተንጠራርታም ትሄዳለች፤ መኝታዋም ደረቅ ነው።

የሚጥል በሽታ ግን እንዲህ አይደለም። ሰውነቷ እንደ እንጨት ይደርቃል፤ አራት እግሮቿ እንደሚዋኝ ሰው ይንፈራገጣሉ፤ መንጋጋዋ ይንገጫገጫል፤ ለሃጯ ይዝረከረካል፤ ሽንቷንም ትለቃለች። ቢጠሯት አትሰማም። አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ኹለት ደቂቃ ቈይቶ ሲለቃት ግራ ተጋብታ ከግድግዳ ጋራ ትላተማለች፥ ወይም እንደ ተራበች ኾና ምግብ ትፈልጋለች። (ሳትንዘፈዘፍ መኝታዋን የምታርሰው ድመት ሌላ ናት፤ የፊኛ፥ የኩላሊት ወይም የእርጅና ነገር ሊኾን ይችላል።)

በአገራችን የሚጥል በሽታ የያዘውን ሰው ክብሪት ጭሮ ጢሱን ማሽተት ልማድ ነው፤ ይህንኑ በድመት ላይ የሚያደርግ ሰው አይታጣም። ሰውንም ድመትንም አይጠቅምም። እጅን ወደ አፏ መስደድም አደጋ ነው፤ ሳታውቅ ትነክሳለችና። የሚገባው ከእሳትና ከደረጃ አጠገብ የሚያስፈራውን ነገር ማራቅ፥ ጸጥ ማድረግ፥ ሰዓትም መቍጠር ነው። በእጅ ስልክ ያነሡት ተንቀሳቃሽ ሥዕል ለሐኪሙ ከብዙ ወሬ ይበልጥበታል። ከዐምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳትነቃ ደጋግሞ ከጣላት ሳይውል ሳያድር ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ ያስፈልጋል።

መዠመሪያ የሚጠየቀው መርዝ ነው። ዚንክ ፎስፋይድ የሚባለው የአይጥ መርዝ ከጨጓራ አሲድ ጋራ ሲገናኝ ገዳይ ጋዝ ያወጣል፤ በጎተራ የሚደረገው የነቀዝ ክኒንም እርጥበት ሲያገኝ ይህንኑ ጋዝ ይተፋል። ለሰውም ያው ነው፤ ስለዚህ የድመቲቱ መንዘፍዘፍ በዚያው ቤት ለሚተኙ ሕፃናት ማስጠንቀቂያ ሊኾን ይችላል። ለውሻ ቍንጫ የሚሸጠው ፐርሜትሪን ያለበት መድኃኒትም ውሻውን ሳይጐዳ ድመቲቱን ያንዘፈዝፋታል፤ ጉበቷ እንደ ውሻ ጉበት ሊያጠፋው አይችልምና። ባለቤቱ ሠራተኞቹን ሲጠይቅ በቍጣ ባይኾን ይበጃል፤ የፈራ ሰው መርዙን የት እንዳኖረ ይደብቃል። የመርዙ መጠቅለያ ከተገኘ ከድመቲቱ ጋራ ወደ ሐኪም ይሂድ። ራስን ለመርዳት ሲሉ ፓራሲታሞል መስጠት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ለድመት ገዳይ ነው።

እንቅልፍ ላይ ብቻ ሳይኾን ነቅታ ሳለች ጠባይዋ ከተለወጠ፥ ያለ ምክንያት ሰው ከተናከሰች፥ መዋጥም ካቃታት፥ የእብድ ውሻ በሽታ ይጠረጠራል። በዚህ ጊዜ ማንም አይንካት። የተነከሰ ሰው ቍስሉን ለ15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ክትባቱ የሚያድነው የበሽታው ምልክት ሳይታይ ብቻ ነውና።

መርዝም ኾነ ሌላ በሽታ ካልተገኘ፥ ሕመሙ ከአንጐል የመነጨ የሚጥል በሽታ ሊኾን ይችላል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ስላለ፥ ከወረታ ለሚነሣ ሰው ምርመራው ሩቅ አገር አይደለም። ሐኪሞች ለድመት አብዝተው የሚያዙት ፌኖባርቢታል ነው፤ በየዕለቱ ጧትና ማታ ይሰጣል፤ ተሻላት ብሎ በድንገት ማቋረጥ በሽታውን አብሶ ያስነሣዋል። ስለዚህ መድኃኒቱ ከመዠመሩ በፊት፥ ጌታው ለሥራ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ደብረ ታቦር ሲወጣ ክኒኑን የሚሰጥ አንድ የቤት ሰው በስም ተለይቶ ይታዘዝ።