ትንሿ ካሜራና የዘወትር ቀናችን

ሰው የሚወደውን ፊትና ድምፅ ከመረሳት ለማዳን ያለው ምኞት ከጥንት ጀምሮ የኖረ ነው። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ሲሉ የተናገሩትም ይህንኑ ምኞት ነበር። በዘመናችን ግን ጽሑፍ ሊይዘው የማይችለውን ነገር፣ ይኸውም የአነጋገርን ለዛ፣ የአካሄድን ሁኔታና የሳቅን ዐይነት ሳይቀር የሚይዝ መሣሪያ በእጅ መዳፍ ላይ ተገኝቷል። ይህም መሣሪያ ካምኮርደር የምትባለው ትንሿ የቪዲዮ ካሜራ ናት።

ስለዚህች ካሜራ ለመጻፍ የተነሣነው ለነጋዴ ገበያ ለመጥራት አይደለም። ተማሪው ወይም ወጣቱ የመንግሥት ሠራተኛ ከደመወዙ ቈጥቦ፣ ወይም ዕቁብ ደርሶት፣ ወይም በውጭ አገር የሚኖር ወንድሙ ልኮለት ይህችን ዕቃ በሚያገኝበት ጊዜ ምን ሊሠራባት እንደሚገባው አስቀድሞ እንዲያስብ ለማሳሰብ ነው። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይባላልና።

በመጀመሪያ፣ የቤተሰብ ፊልም ከሲኒማ ጋር አብሮ የተወለደ መሆኑን ማወቅ ይጠቅማል። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። ኦጉስትና ሉዊ ሉሚዬር የተባሉት ፈረንሳውያን ወንድማማቾች ዲሴምበር 28 ቀን 1895 በፓሪስ ከተማ በግራን ካፌ ለሕዝብ ካሳዩዋቸው ዐሥር አጫጭር ፊልሞች አንዱ፣ ኦጉስትና ባለቤቱ ሕፃን ልጃቸውን ምግብ ሲያጐርሱ የሚያሳይ ነበር። እንግዲህ የነገሥታት የዘውድ በዓል በፊልም ከመታየቱ በፊት፣ ሕፃን ልጅ ስትመገብ ታይታለች ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ በ1932 የኮዳክ ኩባንያ ለቤተሰብ እንዲስማማ 8 ሚሊሜትር የሚባለውን የፊልም ዐይነት አቀረበ። በ1983 ደግሞ ሶኒ ካሜራውንና የካሴት መቅጃውን በአንድ አካል አጣምሮ ቤታሙቪ በሚል ስም ለገበያ አወጣ። ይህ መሣሪያ በትከሻ የሚሸከሙት ነበር፤ የቀዳውንም መልሶ ለማሳየት አይችልም ነበር። በ1989 ይኸው ኩባንያ 790 ግራም የሚመዝን ካሜራ ሠርቶ «የፓስፖርት ያህል ነው» እያለ አስታወቀ። ከዚህ በኋላ ካሴቱ ቀርቶ በጥፍር ልክ በሆነ ሚሞሪ ካርድ ተተካ። ስለዚህ የዛሬው ወጣት በጃኬቱ ኪስ የሚይዛት ካሜራ፣ አንድ መቶ ዓመት ያህል ሲሠራና ሲሻሻል የኖረ የጥበብ ፍሬ ናት።

ነገር ግን ጥበቡ ቢያድግም አጠቃቀማችን አብሮ አድጓልን? በብዙ ቤት ቪዲዮ ማለት ሠርግና ምረቃ ማለት ሆኖ ቀርቷል። ለሠርግ ገንዘብ ከፍለን ቀራጭ እናመጣለን፤ ሙሽሮቹ ከመኪና ሲወርዱ፣ ኬኩ ሲቈረስ፣ ሚዜዎቹ ሲጨፍሩ በሙሉ ይቀረጻል። የሙሽራው እናት ግን ቀኑን ሙሉ በማድ ቤትና በእንግዳ መካከል ስትመላለስ ስለ ዋለች፣ በካሴቱ ውስጥ የምትታየው ጥግ ላይ ለጥቂት ሴኮንድ ነው። ድምፅዋማ በሙዚቃው ተሸፍኖ ጨርሶ አይሰማም። ከዓመታት በኋላ እናት በሞት ስትለይ፣ ልጅ ያንን ካሴት ፈልጎ የሚከፍተው ኬኩን ለማየት አይደለም። «ልጄ» ስትል ለመስማት ነው። ያም አልተቀዳም።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት አንድ ነው። ካሜራ መመረጥ ያለባትም ሆነ መሥራት ያለባት ከድግሱ ቀን ይልቅ ለዘወትሩ ቀን ነው፤ በዘወትሩም ቀን ከሥዕሉ ይልቅ ድምፁ ሊቀድም ይገባል።

የዘወትር ኑሮ ተራ ነገር ነውና ለማን ይጠቅማል የሚል ሰው ቢኖር፣ የዴቭ ታትሱኖን ነገር እናስታውሰዋለን። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት የጃፓን ዘር ያላቸውን ነዋሪዎች ከቤታቸው አስወጥቶ በታጠሩ ሰፈሮች ባስቀመጠ ጊዜ፣ ይህ ሰው በዩታ ግዛት በቶፓዝ ሰፈር ሳለ በስውር በገባለት ባለ 8 ሚሊሜትር ካሜራ የቤተሰቡንና የጎረቤቶቹን ኑሮ ቀረጸ። የቀረጸውም ልጆችን፣ በረዶውንና የጎረቤትን ፊት ነው። ፊልሙ የቤት ፊልም ነው እንጂ የታሪክ ምሁር ሥራ አይደለም። ሆኖም በ1996 የአሜሪካ ብሔራዊ የፊልም መዝገብ ሊጠበቁ ከሚገባቸው ፊልሞች ጋር ቈጠረው። የዛሬ ተራ ቀን ለነገ ሰው ታሪክ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አያስፈልግም።

አሁን ወደ ምርጫው እንመለስ። የመጀመሪያው ጥያቄ «የትኛውን ልግዛ?» ሳይሆን «መግዛት ያስፈልገኛልን?» የሚለው ነው። በኪሱ ጥሩ ስማርት ስልክ ያለው ሰው፣ ለዐሥር ደቂቃ ጨዋታ የሚበቃ ካሜራ አለው። እንዲህ ያለው ሰው ገንዘብ ተበድሮ ካምኮርደር ቢገዛ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይሆንበታል። ካምኮርደር ከስልክ የምትሻለው ረዥም ሰዓት ለመቅዳት፣ ከሩቅ ያለውን አቅርቦ ለማሳየት፣ ባትሪ ሲያልቅ በሌላ ባትሪ ለመተካትና በመካከል ስልክ ተደውሎ ሥራው እንዳይቋረጥ ለማድረግ ነው። እነዚህ የሚያስፈልጉት ሰው ይግዛ፤ የማያስፈልጉት ግን በያዘው ይጀምር።

የሚገዛውም ሰው በሣጥኑ ላይ በትልቁ በተጻፈው ቍጥር እንዳይታለል እንመክረዋለን። ዙም ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው በሌንሱ መስተዋት የሚያቀርበው ኦፕቲካል የሚባለው ሲሆን፣ ሁለተኛው የተቀዳውን ሥዕል ቈርጦ የሚያሰፋው ዲጂታል የሚባለው ነው። በሁለተኛው ሲቀርብ ሥዕሉ ይደበዝዛል። ስለዚህ መታየት ያለበት የመጀመሪያው ቍጥር ብቻ ነው። እንዲሁም የቤታችን ኑሮ በአብዛኛው በማታ መብራት የሚታይ ስለ ሆነ፣ ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰር ሰፋ ያለ ቢሆን ይመረጣል። ሴንሰሩ ትንሽ የሆነ ካሜራ በአንድ አምፑል ብርሃን ሲሠራ ሥዕሉ ዐሸዋ የተበተነበት ይመስላል። በሱቁ ደማቅ መብራት ያማረውን ብቻ አይቶ ገንዘብ መክፈል አይገባም፤ ባለሱቁን አስፈቅዶ በጨለማው ጥግ መሞከር ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ስለ ድምፅ ይጠየቅ። ካሜራዋ የውጭ ማይክሮፎን መሰኪያ ቀዳዳ አላትን? በጆሮ ማዳመጫ እየሰሙ መቅዳት ይቻላልን? ብዙ ርካሽ ካሜራዎች እነዚህ ሁለቱ ይጐድሏቸዋል። በካሜራዋ ላይ ያለው ማይክሮፎን ከእናት አፍ ይልቅ ለቀራጩ ጣቶች ቅርብ ነውና፣ የጣቱን መፋተግ አጕልቶ የእናትን ቃል ያደበዝዛል። በልብስ ላይ የምትሰካ ትንሽ ማይክሮፎን ብዙ ገንዘብ ከሚጠይቅ ሌንስ ይልቅ ቤተሰብን ትጠቅማለች። የእጅን መንቀጥቀጥ የሚያረጋጋ መሣሪያም በሌንሱ በራሱ ያለ ቢሆን ይሻላል።

ከአሜሪካ ለሚላክላቸው ደግሞ አንድ ልዩ ማሳሰቢያ አለን። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 60 ጊዜ የሚመላለስ ሲሆን የእኛ 50 ጊዜ ነው። ለዚያ አገር የተሠራ ካሜራ በእኛ መብራት ሥር ሲቀዳ ሥዕሉ ብልጭ ድርግም ሊል ይችላል። የሹተሩን ፍጥነት በሴኮንድ አንድ መቶኛ ላይ ማድረግ ይህን ያስወግዳል። እንዲሁም የባትሪ መሙያው ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚቀበል መሆኑ በጀርባው ካልተጻፈ በእኛ 220 ቮልት መሰካት ዕቃውን ማቃጠል ነው።

የሥዕል ጥራት የሚባለውም ከማስቀመጫ ጋር ይታሰብ። በሴኮንድ 24 ሜጋቢት የሚቀዳ ካሜራ በአንድ ሰዓት 10.8 ጊጋባይት ይሞላል። 4ኬ የሚባለው በሴኮንድ 100 ሜጋቢት ቢቀዳ ለዚያው ሰዓት 45 ጊጋባይት ይፈልጋል። ማስቀመጫ የሌለው ሰው ከፍተኛ ጥራት ያለውን ቢገዛ፣ ውሎ አድሮ ቦታ ለማግኘት የቀዳውን መደምሰሱ አይቀርም። መካከለኛ ሆኖ የሚኖር፣ ድንቅ ሆኖ ከሚደመሰስ ይሻላል።

ካሜራዋ ከተገኘች በኋላ የአሠራሩ ዘዴ ከባድ አይደለም። ሰውየውን ከመስኮት ፊት ለፊት እንጂ መስኮቱን ከኋላው አድርጎ አለማስቀመጥ፤ አለዚያ ፊቱ ጥላ ይሆናል። ዙሙን ወዲያና ወዲህ ከማመላለስ ይልቅ ቀረብ ማለት፤ ሲቀርቡ ድምፁም ይጠራልና። ካሜራዋን በባለሦስት እግር መቆሚያ ወይም በጠረጴዛ ላይ አሳርፎ ሳያንቀሳቅሱ መቈየት፤ ሬዲዮኑንና ቴሌቪዥኑን መዝጋት። ቡና በሚፈላበት ጊዜ ሲቈላና ሲወቀጥ ቢቀረጽ ያምራል፤ ጥያቄ የሚጠየቀው ግን ሙቀጫው ዝም ካለ በኋላ ነው።

የሚጠየቀውም ነገር የታወቀ ነው። የት ተወለዱ? እናትዎ ማን ይባሉ ነበር? ይህን ቤት ማን ሠራው? ይህን ወጥ ከማን ተማሩት? ጠያቂው ጠይቆ ዝም ይበል፤ ሽማግሌ ሲያስብ የሚያሳልፈው ጸጥታም ከቃሉ ጋር የሚቀመጥ ነው።

በዚህ ጊዜ ጨዋነት እንዳይጓደል አደራ እንላለን። ያላስፈቀዱትን ሰው መቅረጽ ነውር ነው። ለቅሶ ቤት ገብቶ የሚያለቅስን ሰው ፊት ማሳደድ፣ ወይም የአያትን የቤት ጨዋታ ሳያስፈቅዱ ለማያውቋት ሰዎች በኢንተርኔት መበተን ከሥልጣኔ አይቈጠርም። ለቤተሰብ ተብሎ የተነገረ ቃል የቤተሰብ ነው።

የመጨረሻው ጉዳይ አጠባበቅ ነው። በየቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ የአባቶች ድምፅ ያለባቸው ካሴቶች ተቀምጠዋል። ካሴት ግን እያደር ይበላሻል፤ ማጫወቻውም ከገበያ እየጠፋ ሄዷል። የቪኤችኤስ ማጫወቻ ሲሠራ የቈየው የመጨረሻው ታዋቂ ኩባንያ፣ የጃፓኑ ፉናይ፣ በ2016 ሥራውን አቁሟል። የአውስትራሊያ ብሔራዊ የፊልምና የድምፅ ቤተ መዛግብትም ከ2025 በፊት ያልተገለበጠ ካሴት የመዳን ተስፋው የመነመነ መሆኑን በ2015 አስጠንቅቆ ነበር። ያ ዓመት አልፏል። ስለዚህ ካሴት ያለው ቤተሰብ ማጫወቻ ሳለ ዛሬውኑ ወደ ኮምፒዩተር ያስገልብጥ።

አዲስ የሚቀዳውም ቢሆን በሚሞሪ ካርድ ላይ ብቻ አይቅር። ሦስት ቅጂ ይኑረው፤ አንዱ በኮምፒዩተር፣ ሁለተኛው በተለየ ሃርድ ዲስክ፣ ሦስተኛው በእኅት ወይም በወንድም ቤት። በእያንዳንዱም ላይ የሰዎቹ ስም፣ ቦታውና ቀኑ ይጻፍ። የካሜራዋ ሰዓት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ስለሚሄድ ከእኛ ዘመን በሰባት ወይም በስምንት ዓመት፣ ከእኛም ሰዓት በስድስት ሰዓት ይለያል። የነገ ልጆች ግራ እንዳይጋቡ ሁለቱም አቈጣጠር ጐን ለጐን ይመዝገብ። ስም ያልተጻፈበት ሥዕል ከአንድ ትውልድ በኋላ የማያውቁት ሰው ሥዕል ነው።

ወጣቶቻችን በትምህርትና በሥራ ምክንያት ከወላጆቻቸው ርቀው የሚኖሩ ናቸው። ወደ ቤት የሚገቡት በዓመት ለጥቂት ቀናት፣ ያውም በበዓል ግርግር መካከል ነው። እንግዲህ በሚቀጥለው ጊዜ ሲሄዱ ከሚይዙት ስጦታ ጋር ካሜራዋን ወይም ስልካቸውን አዘጋጅተው ይሂዱ፤ በዓሉ አልፎ እንግዳው ከተበተነ በኋላም አንድ ቀን ይቈዩ። በዚያ ጸጥ ባለ ቀን ዐሥር ደቂቃ የአባትንና የእናትን ጨዋታ መቅዳት ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ዛሬም እሑድ ስለ ሆነ፣ ወላጆቹ በቅርብ የሚኖሩለት አንባቢያችን ይህን ጋዜጣ አጥፎ ሄዶ ቢጠይቃቸው ደስ ይለናል።