አንድ አንቀጽ ያባባሰው የሽምቅ ውጊያ፤ የመቄዶንያ ማሻሻያ ከ1903 እስከ 1908 እ.ኤ.አ.

ሩሲያ እ.ኤ.አ. በማርች 1878 በሳን ስቴፋኖ ውል አብዛኛውን የመቄዶንያ ግዛት ለቡልጋሪያ ብታስገኝም፣ በዚያው ዓመት ጁላይ በርሊን ላይ በሌሎች ኃያላን መንግሥታት ግፊት ግዛቱ ለኦቶማን ቱርክ ተመልሷል። የበርሊን ውል 23ኛ አንቀጽ የአስተዳደር ማሻሻያ እንደሚደረግ ቢደነግግም፣ ድንጋጌው ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል በወረቀት ላይ ቀርቷል።

እ.ኤ.አ. በ1893 በተሰሎንቄ ከተማ የተመሠረተው የመቄዶንያ አብዮታዊ ድርጅት የጎለበተው በዚሁ ክፍተት ነው። ድርጅቱ ኦገስት 2 ቀን 1903 የቀሰቀሰው የኢሊንደን አመጽ የክሩሼቮን ከተማ ለአሥር ቀናት ያህል ይዞ ከቆየ በኋላ በኦቶማን ጦር ተደምስሷል። በርካታ መንደሮችም ተቃጥለዋል። አማጽያኑ ተስፋ ያደረጉት በጦር ሜዳ ድል ላይ ሳይሆን በኃያላኑ ጣልቃ ገብነት ላይ ነበር። ይህም በከፊል ተሳክቶላቸዋል።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር የኦስትሪያ-ሀንጋሪው ንጉሠ ነገሥት ፍራንዝ ዮሴፍ እና የሩሲያው ዳግማዊ ኒኮላይ ሙርስቴግ በተባለ የኦስትሪያ ሥፍራ ተገናኝተው የማሻሻያ መርሐ ግብር ነደፉ። በዚህም መሠረት ከዋና ተቆጣጣሪው ከሂልሚ ፓሻ ጎን የሁለቱ መንግሥታት ሲቪል ወኪሎች ተመደቡ። የፖሊስ ኃይሉን መልሶ የማደራጀት ሥራ ደግሞ ለኢጣሊያዊው ጄኔራል ዴ ጆርጂስ ተሰጠ። ከአምስት መንግሥታት የተውጣጡ መኮንኖችም ግዛቱን ተከፋፈሉ። ይሁንና የማዘዝ ሥልጣናቸው እጅግ የተወሰነ ነበር። ሁለቱ መንግሥታት ይበልጥ የሹት ጸጥታ እንጂ ለውጥ አልነበረም፤ ሩሲያ በፌብሩዋሪ 1904 ከጃፓን ጋር ጦርነት ውስጥ መግባቷም ይታወሳል።

ከሁሉም በላይ መዘዝ ያስከተለው ግን 3ኛው አንቀጽ ነው። አንቀጹ ጸጥታ ከሰፈነ በኋላ የአስተዳደር ወሰኖች ብሔረሰቦችን ይበልጥ በተስተካከለ ሁኔታ ለመመደብ በሚያስችል መልኩ እንዲሻሻሉ ይጠይቃል። ለአንድ የመንግሥት ሠራተኛ ይህ ምክንያታዊ ሐሳብ ሊመስል ይችላል። በሶፊያ፣ በአቴንስና በቤልግሬድ የተነበበው ግን በሌላ መልኩ ነው፤ ወሰኑ ሳይካለል በፊት ብዙ መንደር የያዘ ብዙ መሬት ያገኛል ተብሎ ተወሰደ።

በወቅቱ የአንድ መንደር ብሔር የሚለካው በአመዛኙ በቤተ ክርስቲያኑ ነበር። ለቁስጥንጥንያው ፓትርያርክ የሚገዛ መንደር እንደ ግሪክ፣ በ1870 ለተቋቋመው የቡልጋሪያ ኤክሳርኬት የሚገዛው ደግሞ እንደ ቡልጋሪያ ይቆጠር ነበር። በመሆኑም ከ1904 ጀምሮ የግሪክና የሰርቢያ ታጣቂ ቡድኖች ከቡልጋሪያ ደጋፊዎች ጋር ገበሬውን በኃይል ለማስቀየር ተፋለሙ። ቄሶችና መምህራን የጥቃቱ ቀዳሚ ዒላማዎች ሆኑ። ገበሬው ለአንዱ ቢያድር በሌላው ይቀጣል፤ ለፖሊስ ቢያመለክት ደግሞ ሁለቱም ይነሱበታል።

ኦስትሪያ-ሀንጋሪና ሩሲያ በታጣቂዎች ኃይል የመጣ ለውጥ በወሰን ማካለል ከግምት እንደማይገባ ለሦስቱ መንግሥታት በይፋ ያሳወቁት በ1907 ነው። አራት ዓመት የዘገየ ማብራሪያ መሆኑ ነው።

በጁን 1908 የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ እና ኒኮላይ በሬቫል ሲገናኙ፣ መቄዶንያ ልትነጠል ነው የሚል ሥጋት በኦቶማን መኮንኖች ዘንድ ተስፋፋ። በጁላይ መጀመሪያ በሬስና የሰፈረው ኒያዚ ቤይ ወታደሮቹን ይዞ ጫካ ገባ። ለዓመታት ሽምቅ ተዋጊዎችን ሲያሳድድ የኖረ ሠራዊት አባል የእነርሱኑ ስልት መጠቀሙ ነበር። በዚያው ወር ሱልጣን አብዱልሐሚድ ሕገ መንግሥቱን መልሶ ለማጽናት ተገደደ፤ የሙርስቴግ መርሐ ግብርም አበቃ። መቄዶንያን በስተመጨረሻ የከፋፈሏት የ1912 እና የ1913 የባልካን ጦርነቶች ናቸው።