ብሩን ይቈጥራል፥ አፉን አይቈጥርም

ባለፈው ሰሞን ከትምህርት ቤት ወደ ገርጂ ስመለስ ከአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጋር በአንድ ታክሲ ተሳፈርን። እርስዋ ሁለት ልጆችዋን ብቻዋን የምታሳድግ መምህርት ናት፤ እኔ ደግሞ ወንደላጤ ነኝ። ደመወዛችን እኩል ነው። መብራት ኃይል ስንደርስ የደመወዝዋን ወረቀት ከቦርሳዋ አወጣችና፥ «ወንድሜ፥ ለመሆኑ ይህ ግብር ልጆቼን ያውቃቸዋልን?» ስትል ጠየቀችኝ።

ውድ አንባቢዎቼ፥ መልሱ አጭር ነው፤ አያውቃቸውም። የአገራችን የደመወዝ ግብር ብሩን ይቈጥራል እንጂ ከማዕዱ ዙሪያ የሚቀመጠውን አፍ አይቈጥርም። በ2008 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቍጥር 979 ከግብር ነፃ የነበረው የወር ደመወዝ 600 ብር ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው ማሻሻያ ወደ 2,000 ብር ከፍ አደረገው። ስለዚህ በወር 8,000 ብር የሚያገኝ ሰው ቀድሞ ይከፍል የነበረው 1,445 ብር ወደ 1,150 ብር ዝቅ ብሎለታል። የተረፈው 295 ብር ግን ለወንደላጤውም ለእናቲቱም አንድ ነው።

በአሜሪካ ከ1951 እ.ኤ.አ. ሕግ ወዲህ ብቻውን ቤተሰብ ለሚያስተዳድር ሰው ቀለል ያለ የግብር መደብ አለ። በዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ሦስት ነገር ካሟሉ ይጠቀሙበታል፤ ይኸውም በዓመቱ መጨረሻ ያላገቡ ወይም በሕግ እንዳላገቡ የሚቈጠሩ መሆን፥ ከቤቱ ወጪ ከግማሽ በላይ መሸፈን፥ ልጁም ከዓመቱ ግማሽ በላይ አብሮአቸው መኖር ነው።

ታዲያ እኛም ይህንኑ እንቅዳ? መልካም ነው፤ ነገር ግን የግብር ቅናሽ የሚጠቅመው ግብር የሚከፍለውን ብቻ ነው። ደመወዝዋ 2,000 ብር የማይሞላ የጽዳት ሠራተኛ ከምን ላይ ይቀነስላታል?

ስለዚህ አስቀድመን በእጃችን ያለውን እንመርምር። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ አባት ከእናት ቢለይም ለልጁ ቀለብ ከመስጠት አያድነውም። የ2010ሩ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅም መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዝዞ ነበር። ማቆያ ያለበት መሥሪያ ቤት የሚሠሩ እናቶች ለሞግዚት የሚያወጡትን ያተርፋሉ፤ ይህም ከ295 ብር ይበልጣል።

ይህን ሁሉ ስነግራት ባልደረባዬ ወረቀቱን አጥፋ መለሰችው። «እንግዲያስ አስቀድሜ ቀለቡን ልጠይቅ። እስከ ዛሬ ያፈርሁት እኔ ነኝ፤ ማፈር የነበረበት ግን እርሱ ነበር» አለችኝና ወረደች።

በየመሥሪያ ቤቱ መስኮት የምትቀመጡ ወጣቶች ሆይ፥ እንዲህ ያለች እናት ልጅዋን አዝላ ወረቀት ስትጠይቃችሁ «ነገ ተመለሺ» አትበሏት። የእርስዋ ነገ ሌላ የታክሲ ገንዘብ ነውና።

ለሳምንት በደኅና ያገናኘን።