«ያድግበታል» ተብሎ የሚገዛ ብስክሌት

ልጅዎ በስልክ ላይ አንድ ወጣት በብስክሌት ከግንብ ወደ ግንብ ሲዘል ወይም በኋላ ጎማው ብቻ ቆሞ ሚዛኑን ሲጠብቅ አይቶ ይሆናል። ስኮትላንዳዊው ዳኒ ማክአስኪል እ.ኤ.አ. በ2009 በኤድንብራ ከተማ የሠራው ቪዲዮ ዓለምን ካዳረሰ ወዲህ እንዲህ ያለ ትርኢት ያላየ ልጅ ማግኘት ይከብዳል። በጂግጂጋም ሆነ በሽንሌ፣ በቀብሪ በያህም ሆነ በቶጎ ውጫሌ፣ ከዚያ በኋላ የሚከተለው አንድ ነው፦ «አባዬ፣ ብስክሌት ግዛልኝ!»

አባትም ገበያ ይወጣል። እናትም አብራ ትሄዳለች። ዋጋው ቀላል ስላልሆነ ሁለቱም አንድ ሐሳብ ላይ ይደርሳሉ፦ «ትንሽ ተለቅ ያለ ይሁን፤ ያድግበታል።» ለጃኬት ይህ ብልህነት ነው፤ እጅጌው ቢረዝም ይጠቀለላል። ብስክሌት ግን አይጠቀለልም። ከልኩ በላይ የሆነ ብስክሌት ላይ የተቀመጠ ልጅ መንገዱን መምራት ሲገባው በመንገዱ ይመራል። ለዚህም ምክንያቱ ብዙዎቻችን ልብ የማንላቸው ሁለት ነገሮች ናቸው፦ የመሪው አንገት ርዝመትና የፍሬሙ ቅርጽ።

ከዝላዩ ጀርባ ያለው ልኬት

ልጆቻችን የሚያዩት ስፖርት ትሪያል ይባላል። በውድድሩ ዋናው ነገር ፍጥነት አይደለም። ተወዳዳሪው በድንጋይ፣ በግንድና በሲሚንቶ ብሎክ ላይ ሲያልፍ እግሩን መሬት ካስነካ ይቆጠርበታል። ከስፖርቱ መነሻዎች አንዱ የአባትና የልጅ ታሪክ ነው። በስፔን ካታሎኒያ ፔሬ ፒ የሚባል የሞተር ብስክሌት ትሪያል ተወዳዳሪ ነበር። ልጁ ኦት አባቱ በሞተር የሚሠራውን በብስክሌት መሞከር ሲጀምር፣ ለዚያ ተብሎ የተሠራ ትንሽ ብስክሌት ተዘጋጀለት። ኦት ፒ አድጎ በዚሁ ስፖርት ደጋግሞ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

የትሪያል ብስክሌትን በደንብ ቢያዩት ከተለመደው ጋር እንደማይመሳሰል ያስተውላሉ። የውድድሩ ዓይነት ብዙ ጊዜ መቀመጫ የለውም፤ ነጂው ሁልጊዜ ቆሞ ነው የሚነዳው። ፔዳሉ የሚዞርበት ቦታ ከጎማዎቹ መሐል ከፍ ብሎ የተሠራ ነው፤ በድንጋይ ላይ ሲያልፍ እንዳይመታ፣ በኋላ ጎማ ለመቆምም እንዲቀልል። ከፔዳሉ እስከ ኋላ ጎማው ያለው ርቀት አጭር ስለሆነ የፊቱን ለማንሳት ብዙ ጉልበት አይጠይቅም። የመሪው አንገት ደግሞ ረጅምና ወደ ላይ የቀና ነው፤ ነጂው ክብደቱን በፍጥነት ወደ ፊት ጎማው እንዲያሻግር ይረዳዋል። እንግዲህ ያ ወጣት ችሎታው የራሱ ቢሆንም፣ ከሥሩ ያለው ብስክሌት በሴንቲ ሜትር ተለክቶ ለዚያ ሥራ የተበጀ ነው። ልጅዎ ያንኑ ዝላይ በቤት ብስክሌት ላይ ልሞክረው ካለ ይከልክሉት፤ ፍሬሙም ሹካውም ለዚያ አልተሠሩም።

የመሪው አንገት ምን ይሠራል?

አንገት የምንለው መሪውን ከብስክሌቱ አካል ጋር የሚያያይዘውን ብረት ነው። ርዝመቱ እጅ ከኮርቻው ምን ያህል እንደሚርቅና የሰውነት ክብደት ወዴት እንደሚያጋድል ይወስናል። ለመንገድ ውድድር በሚሠሩ ብስክሌቶች ብዙ ጊዜ ከ9 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ነጂው ጎንበስ ብሎ ነፋሱን እንዲሰነጥቅ ነው። በዛሬዎቹ የተራራ ብስክሌቶች ግን ከ3.5 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ያጥራል፤ በቁልቁለት ክብደቱ ወደ ኋላ ቀረት እንዲልና መሪው ፈጥኖ እንዲታዘዝ ነው።

አንገቱ ሲረዝም እጅ መሪውን ለማዞር ሰፋ ያለ ጉዞ ይጓዛል፤ ብስክሌቱ ረጋ ይላል፤ ግን ለመታጠፍ ይዘገያል። ሲያጥር ደግሞ ጥቂት ነካ ሲያደርጉት ይዞራል። ልጓም እንደ መያዝ ነው፦ በጣም ከረዘመ ፈረሱ ዘግይቶ ይሰማል፤ በጣም ካጠረ በትንሹ ይደነግጣል።

አሁን ይህን ወደ ልጁ እናምጣው። ብስክሌቱ ከልኩ በላይ ሲሆን ልጁ መሪውን የሚይዘው ክንዱን ወጥሮ ነው። ወደ ቀኝ መታጠፍ ሲፈልግ የግራ እጁ የበለጠ ወደ ፊት መሄድ አለበት፤ ክንዱ ግን ቀድሞውኑ አልቋል። ስለዚህ ትከሻውን ይሰድዳል፣ ወገቡን ያጣምማል፣ ብስክሌቱ ይወላገዳል። ፍሬን ለመያዝም ጣቱ አይደርስም። ከፊቱ ባጃጅ ድንገት ሲቆም የሚያስፈልገው ሁለት ነገር ነው፦ መታጠፍና መቆም። ከልኩ በላይ የሆነ ብስክሌት ሁለቱንም አንድ ላይ ይነሳዋል።

ፍሬሙስ?

ሰው ብስክሌት ሲገዛ የሚጠይቀው «ስንት ኢንች ነው?» ብሎ ነው። ኢንቹ የሚነግረን የጎማውን ዲያሜትር እንጂ የፍሬሙን ልክ አይደለም። ለመነሻ ያህል፣ 16 ኢንች ከ4 እስከ 6 ዓመት፣ 20 ኢንች ከ6 እስከ 9፣ 24 ኢንች ከ9 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች ይታሰባል። ከዕድሜው ይልቅ ግን የልጁ ቁመትና የእግሩ ርዝመት ይበልጣል። ሁለት ባለ 20 ኢንች ብስክሌቶች ጎን ለጎን ቢቆሙ፣ የአንዱ ፍሬም ከሌላው ብዙ ሴንቲ ሜትር ሊረዝም ይችላል።

ከርዝመቱ ሌላ የፊቱ ክፍል ማዘንበያም ትርጉም አለው። ሹካውን የያዘው ቱቦ ቀጥ ካለ መሪው ፈጣን ይሆናል፤ ወደ ኋላ ከተጋደመ ብስክሌቱ በፍጥነት ላይ ይረጋል። በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት ሲያጥር በጠባብ ቦታ መዞር ይቀላል፤ ሲረዝም ቀጥ ብሎ መሄድ ይቀላል።

ለእኛ አካባቢ ቤተሰቦች ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ከኮርቻው ወደ መሪው የሚሄደው የላይኛው ቱቦ ዝቅ ያለበትን ፍሬም ሻጮች «የሴት» ይሉታል። በእርግጥም ረጅም ቀሚስ ለለበሰች ልጅ እግር ማንሳት ሳያስፈልግ መውጣትና መውረድ ያስችላል። ግን የሴት ብቻ አይደለም። ሽርጥ ለለበሰ አባት፣ ጉልበታቸውን ለሚያማቸው አያትና ገና ለሚለማመድ ወንድ ልጅም ይሄው ይሻላል። ልጁ ሚዛኑ ሲጠፋ በቀላሉ መሬት ይረግጣል። ቀሚስና ሽርጥ ባለበት ቤት ሰንሰለቱ መሸፈኛ ያለው መሆኑን ሳያዩ አይግዙ፤ የሻሽና የቀሚስ ጫፍም ከጎማው መራቁን ይመልከቱ።

ከካራማራ እስከ ሽንሌ

ጂግጂጋ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ሜዳ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ሜዳው ለብስክሌት ደግ ነው፤ ነፋሱ ግን አይራራም። በሲቲ ዞን ደግሞ አይሻ የነፋስ ኃይል ማመንጫ እስኪተከልባት ድረስ በነፋሷ የታወቀች ናት። ነፋስ ከጎን ሲመታ ክንዱን አጠፍ አድርጎ የያዘ ልጅ ግፊቱን በክርኑ ይውጠዋል። ክንዱን የወጠረ ልጅ ግን ነፋሱ ሰውነቱን ሲገፋው መሪውም አብሮ ይዞርበታል።

ከሐረር በኩል ሲመጣ ካራማራን አልፎ ወደ ከተማው የሚወርደው መንገድ ሌላ ጉዳይ ነው። በቁልቁለት ፍሬን ሲያዝ የሰውነት ክብደት ሁሉ ወደ ፊት ይመጣል። አንገቱ ረጅም፣ መሪውም ዝቅ ያለ ከሆነ ክብደቱ ቀድሞውኑ ፊት ላይ ነው። ጎረምሶች እንዲህ ባለ ብስክሌት ቁልቁለት ላይ እንዲወዳደሩ አይፍቀዱ፤ መንገዱም የከባድ መኪና መንገድ ነው።

ወደ ሽንሌና ኤረር ሲወረድ ሙቀቱና አሸዋው ይጠብቃል። አሸዋ ላይ ክብደት ፊት ላይ ከበዛ የፊት ጎማው ይሰምጣል፣ መሪውም ከእጅ ያመልጣል። እዚያ ሰፋ ያለ ጎማና ቀና ብሎ የሚያስቀምጥ ከፍ ያለ መሪ ይመረጣል።

በሁሉም ቦታ የምናየው ሌላው ልማድ መሪው ላይ ዕቃ ማንጠልጠል ነው። ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው። ያን መሪው ላይ ያንጠለጠለ ልጅ መሪውን ባዞረ ቁጥር ዕቃው መልሶ ያዞርበታል። ዕቃ ከኋላ መጫኛ ላይ ታስሮ ይሂድ።

ሱቅ ላይ አምስት ደቂቃ

ብስክሌት ሲገዙ ልጁን ይዘው ይሂዱ። በድብቅ ገዝቶ ማስደሰት ደስ ይላል፤ ልኩን ግን ያለ ባለቤቱ ማወቅ አይቻልም። ከዚያ እነዚህን ይመልከቱ፦

1. ልጁ ብስክሌቱን በእግሮቹ መካከል አድርጎ ይቁም። ሁለቱም እግሮቹ ሙሉ በሙሉ መሬት ረግጠው፣ በእሱና በላይኛው ቱቦ መካከል ቢያንስ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይኑር።

2. ኮርቻው ላይ ሲቀመጥ፣ ጀማሪ ከሆነ ሁለቱም እግሮቹ መሬት ይንኩ። የለመደ ከሆነ የእግሩ ጣቶች ቢደርሱ ይበቃል።

3. መሪውን ሲይዝ ክርኑ በትንሹ ይታጠፍ። መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝም ወደ ግራም ያዙር፤ እጁ መሪውን ሳይለቅ፣ ትከሻውም ሳይጎተት መዞር አለበት። ጉልበቱ ከመሪው ጋር ከተጋጨ ደግሞ ብስክሌቱ አንሶታል።

4. ጣቶቹ ፍሬኑን ይድረሱበት። ብዙ የፍሬን እጀታዎች ወደ መሪው የሚያቀርባቸው ትንሽ ብሎን አላቸው፤ ሻጩን ያስጠብቁት።

5. የፊት ሹካውን ይዩ። ብዙ ብስክሌቶች ተፈታትተው በካርቶን ስለሚመጡ ሹካው ተገልብጦ ሊገጠም ይችላል። ሹካው ጎበጥ ያለ ከሆነ ጉብጠቱ ወደ ፊት መሆን አለበት። ከተገለበጠ የልጁ እግር ከጎማው ጋር ይጋጫል፣ አነዳዱም ይበላሻል።

6. የፊት ጎማውን በሁለት ጉልበትዎ መካከል ይያዙና መሪውን ለመጠምዘዝ ይሞክሩ። መሪው ለብቻው ከዞረ አንገቱ አልጠበቀም ማለት ነው።

አስቀድመው ተለቅ ያለ ከገዙስ?

ሁሉም ገንዘብ አልባከነም። አንደኛ፣ መሪውን ከፍ ማድረግ ይቻላል። በብዙ የልጆች ብስክሌቶች አንገቱ ቱቦው ውስጥ የሚገባ ነው፤ ላዩ ላይ ያለውን ብሎን በማላላት ወደ ላይ ይወጣል። ግን ብረቱ ላይ የተጫረ መስመር ያገኛሉ፤ ያ መስመር ፈጽሞ ከቱቦው ውጭ መታየት የለበትም። ከዚያ ካለፈ አንገቱ እየነዱት ሊነቀል ወይም ሊሰበር ይችላል። ሁለተኛ፣ ብስክሌት ጠጋኝ ጋ ወስደው ባጠረ አንገት ማስቀየር ይችላሉ፤ መሪውን 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ያቀርበዋል። አንገቱን ወደ ኋላ ገልብጦ ማሰር ግን መፍትሔ አይደለም፤ መሪው ጉልበት ላይ ይመጣል፣ አነዳዱም እንግዳ ይሆናል።

አንገት የሚያስተካክለው ጥቂት ነው። ልጁ ቆሞ የላይኛው ቱቦ ከነካው ፍሬሙ ራሱ ትልቅ ነው፤ ይህን የሚፈታ ብሎን የለም። እንዲህ ከሆነ ብስክሌቱ ዓመት ይቆይ፣ ወይም ለታላቅ እህቱ ይሰጥ። የወጪው ጉዳይ ካሳሰበዎ ከ«ያድግበታል» የሚሻል ዘዴ አለ። ልክ የሆነውን ከዘመድ ወይም ከጎረቤት ያገለገለ ይግዙ፤ ልጁ ሲያድግ እርስዎም ለሌላው ያስተላልፉ። አራት ቤተሰብ ሦስት ብስክሌት እየተቀባበለ ልጆቹን ሁሉ ሊያሳድግ ይችላል።

ራስ ቁር ሳይረሱ፣ ከባጃጅ ርቆ በሰፊ ሜዳ ላይ ያስጀምሩት። ክርኑ ታጥፎ፣ ዓይኑ ከመሪው ላይ ተነስቶ ሩቅ ሲያይ ብስክሌቱ ልኩ መሆኑን ያውቃሉ። ከልኩ በላይ የሆነ ብስክሌት የያዘ ልጅ ሩቅ አያይም፤ መሪውን ብቻ ነው የሚያየው።